ፎቶ ለቃሚዋና የምሳ ጠረጴዛው

ፎቁ ላይ ያለችው ተከራዬ ሥራዋ ፎቶ መልቀም ነው። ምስር ሲለቀም አውቃለሁ፣ ጥጥ ሲለቀም አውቃለሁ፣ የሰው ነገር ለቀማ ደግሞ ከኔ ወዲያ ላሳር ነው። ፎቶ ሲለቀም ግን ያየሁት በሷ ነው።

ስሟን አልናገርም፣ አደራ ብላኛለች። እኔ ኮቴ የለሽ እላታለሁ። ደረጃዬ የእንጨት ነው፣ ድመት ስትወጣበት እንኳ ይንቋቋል፤ እሷ ስትወጣ ግን ድምፅ የሚባል የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ በሬን ገርበብ አድርጌ ጠብቄያታለሁ፣ መግባቷን የማውቀው የክፍሏ ቁልፍ ሲዞር ነው። ሃምሳ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ባል ነበራት፣ ሄደ፤ ለምን እንደሄደ ሳትጠይቀው ቀረች። ልጅ የላትም። እንግዳ መጥቶላት አያውቅም፣ ቢመጣ ኖሮ ከሷ በፊት እኔ አውቅ ነበር።

እራቷን የምትበላው ቆማ ነው፣ መስኮቱ አጠገብ። አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ። ብርጭቆዋ የተሰበረ ጊዜ ሌላ ልትገዛ ሄደች። ሱቁ የሚሸጠው ስድስት ስድስቱን አስሮ ነው። እሷ ባለሱቁን ለምና አንዷን አስፈታች። ይሄን የነገረኝ ራሱ ባለሱቁ ነው፣ አምስት ብርጭቆ ታቅፎ እንደቀረ እያማረረ።

መጀመሪያ ላይ ሰላይ መስላኝ ነበር። ለጎረቤትም አውርቻለሁ፣ አልዋሽም። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች፣ ስለ ሥራዋ አታወራም። አንድ ቀን የክፍሏ ቧንቧ ተደፈነና ሠራተኛው እስኪመጣ እኔ ኩሽና ቁጭ አለች። ሻይ ቀዳሁላት። ሁለተኛውን ብርጭቆ ስትጨርስ ምላሷ ተፈታ።

«እማማ፣ የኔ ሥራ ጋላክሲ ማየት ነው» አለችኝ።

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«የከዋክብት መንደር ነው። ፀሐያችን ከአንዱ መንደር ነዋሪዎች አንዷ ናት። እንደሷ ያሉ እዚያው መንደር ውስጥ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ አሉ።»

«እና ነዋሪውን ትቆጥሪያለሽ?»

«አይ፣ መንደሩ ከጎረቤቱ ጋር ተጋጭቶ እንደሆነ ነው የማየው።»

እዚህ ላይ ወንበሬን አስጠጋሁ። የጎረቤት ግጭት ከተነሳማ እኔም ባለሙያ ነኝ።

በያንዳንዱ ትልቅ መንደር መሐል ጥቁር ጉድጓድ የሚሉት ነገር አለ አለችኝ። ጉድጓድ ይሉታል እንጂ ማንም አልቆፈረውም። የሚውጥ ነገር ነው፣ ብርሃን እንኳ ከገባበት አይወጣም። ግን አብዛኛውን ዘመኑን የሚቀርብለት ስለሌለ ጸጥ ብሎ ነው የሚኖረው። ከዋክብቱም፣ ጋዙም፣ አቧራውም በየመንገዳቸው ይዞራሉ እንጂ ዝም ብለው ሄደው አይወድቁለትም። ታዲያ ሌላ መንደር በአጠገቡ ሲያልፍ ሁለቱ ይሳሳባሉ። አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያልፋል፣ መጨረሻው አንድ መንደር መሆን ነው።

«ኮከብ ከኮከብ ይፋጃላ» አልኳት።

«አይነካኩም እማማ። በመሐላቸው ያለው ርቀት መከራ ነው። ሁለት መንደር ተቀላቅሎ አንድም ኮከብ ሌላውን ላይነካ ይችላል። የሚጋጨው ጋዙ ነው። ሲጋጭ የሚዞርበትን ጉልበት ያጣና ወደ መሐል ይወርዳል።»

«ጉድጓዱም ዋጥ ያደርገዋል።»

«ወዲያው አይውጠውም። ጋዙ መጀመሪያ ዙሪያውን ይሽከረከራል፣ እርስ በርሱ ይፋተጋል። እጅዎን ሲያፋትጉ ይሞቅ የለ? እሱም ይግልና ያበራል። የመንደሩ ከዋክብት ሁሉ ተሰብስበው የማያወጡትን ብርሃን እሱ ብቻውን የሚያወጣበት ጊዜ አለ።»

«ስለዚህ የሚያበራው በዪው ሳይሆን ተበዪው ነው።»

ትክ ብላ አየችኝና «እንደሱ ነው» አለች። ግጭቱ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቅኳት። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት፣ ከዚያም በላይ አለችኝ። «ታዲያ ጡረታሽ እንዴት ሊሆን ነው?» ስላት ሳቀች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፣ ሳቁ የሰው ዕቃ ይመስል።

ነገሩ ወዲህ ነው። አለቃቸው ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ መሐላቸው የሚያበራው መንደሮች ያበሩት ከጎረቤት ተጋጭተው ነው ወይስ ብቻቸውን ሆነውም ያበራሉ? ስለዚህ ሁለት ሺህ የሚያበሩ መረጠ። ሌላ ሁለት ሺህ ደግሞ በትልቅነታቸውም በርቀታቸውም እኩያቸው የሆኑ፣ ግን መሐላቸው ጸጥ ያለ መረጠ። ደባለቃቸውና ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ለሦስት ፎቶ ለቃሚዎች አከፋፈለ። ለቃሚው የሚያየው ጅራት ነው። ሁለት መንደር ሲሳሳብ ከዋክብቱ ተጎትተው ጅራት ይሠራሉ፣ ወይም ክንዳቸው ይጣመማል። ካለ ተጋጭቷል ትያለሽ፣ ከሌለ አልተጋጨም ትያለሽ፣ ወደሚቀጥለው።

የትኛው እንደሚያበራ ለቃሚው ማወቅ የለበትም። ካወቀ ሆዱ ያደላል፣ የሌለ ጅራት ያያል። ለዚህ ብለው ኮምፒውተሩ አስቀድሞ የመሐሉን ብርሃን ከፎቶው ላይ ይጠርገዋል። ሦስቱ ለቃሚዎችም ስላዩት ነገር አንዲት ቃል መነጋገር አይችሉም፣ አንዱ ባንዱ ዓይን እንዳያይ ነው። ሦስት ሰው፣ በመሐላቸው ሁለት ግርዶሽ፣ ቀኑን ሙሉ ዝም።

«ይሄማ ጸሎት ቤት ነው» አልኳት።

«ምሳ ሰዓት አለን» አለችኝ።

ምሳ ሰዓቱን እንዴት እንደነገረችኝ ብታዩ። ምሳ ክፍሉ ጥግ ላይ አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ አለ፣ ካርቶን ተወሽቆለታል። እዚያ ሦስቱም ይቀመጣሉ። አንደኛው በሙቀትም በብርድም ያንኑ ሹራብ የሚለብስ ሰውዬ ነው፣ ሹራቤ ነው የምትለው። ያንን የጥርስ ሐኪም ታሪኩን በየሳምንቱ ይደግመዋል፣ በየሳምንቱም የተነቀለው ጥርስ ሌላ ነው። ሁለተኛዋ ሳቂታዋ ናት፤ ብርቱካን ስትልጥ ልጣጩን ሳትበጥስ ትጨርሳለች፣ ከተበጠሰባት ቀኗ ተበላሸ ማለት ነው። ኮቴ የለሽ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይዛ ትሄዳለች፣ አንዱን ሹራቤ ይወስድባታል። «ይወስድብኛል» ስትል ፊቷ ይበራ ነበር። ስለ ጫማ ያወራሉ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰው እግር።

«እማማ» አለችኝ፣ «በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የማወራው ያችን አርባ ደቂቃ ነው።»

ቧንቧው ተሠራ፣ ወጣች። እኔ ግን ያ ፎቶ አላስተኛ አለኝ። ሰማይ ላይ ያለ የጎረቤት ጠብ እያለ እኔ ሳላየው ልሙት?

እንግዲህ ቧንቧው እንደገና እንዳይደፈን ማየት የቤት ባለቤት ግዴታ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መለዋወጫ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። ቧንቧውን አየሁት፣ ደህና ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን የወረቀት ክምር አለ። ሃያ አራት ፎቶ። በኋላ እንደነገረችኝ ሥራ ስትጀምር ዓይን ማለማመጃ ብለው የሰጧት ነው፣ ድሮ ተለቅሞ ካለቀ ሥራ የተረፈ፣ ጀርባው ላይ መልሱ የተጻፈበት። ጽሕፈቱን እኔ ከጉንዳን መንገድ አልለየውም። ፎቶውን ግን አየሁት። ጭጋግ የመሰለ፣ የፈሰሰ ወተት የመሰለ፣ አንዳንዱ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ። ደስ ይላል። መነጽሬን አደረግኩና ደረደርኳቸው።

አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ የመጣች ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይኗ ደርቋል፣ ፈገግ ትላለች፣ ምንም አልሆንኩም ትላለች። ግን የታጠበ ፊት ያስታውቃል። ከሌላው ፊቷ ይልቅ ዓይኗ ሥር ትንሽ ይነጣል፣ ትንሽ ይለሰልሳል። እኔ ስንቱን ትዳር በዚህ ነው የደረስኩበት። ፎቶዎቹም ላይ እሱን አየሁ። አንዳንዱ መሐሉ ላይ ልክ እንደታጠበ ፊት ነበር፤ ጠባሳም አይባል፣ ነጥብም አይባል፣ ብቻ እጅ የነካው ያስታውቃል። አንዳንዱ ደግሞ ማንም አልነካውም። የታጠበውን ወደ ቀኝ፣ ያልታጠበውን ወደ ግራ አደረግኩ። ገና ጨርሼ ሳልነሳ ኮቴ የለሽ በሩ ላይ ቆማለች። ሰው እንዴት ያለ ኮቴ ይመጣል?

«እማማ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቧንቧ እያየሁ።»

«ቧንቧው ጠረጴዛው ላይ ነው?»

«ልጄ፣ ውኃ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።»

አልተቆጣችም። ቦርሳዋን አስቀመጠችና «በምን ለይተዋቸው ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። የታጠበ ፊት ያላቸው እነዚህ፣ ያልታጠቡት እነዚህ። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥላ የቀኙን ክምር አንድ በአንድ እየገለበጠች ጀርባውን አነበበች። ከዚያ የግራውን። ሲያልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ሃያ ሁለቱ ልክ ነው» አለች።

«ልክ ማለት?»

«እነዚህ የሚያበሩት ናቸው። እነዚህ ጸጥ ያሉት። ከሃያ አራቱ ሃያ ሁለቱን አግኝተዋል እማማ።»

እኔ ደስ አለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ፈተና አለፍኩ ብዬ። እሷ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ኮምፒውተሩ ብርሃኑን የሚጠርገው ከሚያበሩት ላይ ብቻ ነው። ጸጥ ያሉት የሚጠረግ ነገር ስለሌላቸው አልተነኩም። ስለዚህ መጥረጊያው ራሱ አሳበቀ። የአሁኖቹም ፎቶዎች የተጠረጉት በዚያው መንገድ ነው። ማንም ልብ አላለውም፤ አንድ አንዱን እያዩ ስለሚያልፉ ጎን ለጎን ደርድሮ ያየ የለም።

«አንቺ አላየሽውማ» አልኳት።

«ዓይኔ አይቶታል። ለኔ ነው ያልነገረኝ።»

ለካ እሷ ትዝ ብሏታል። አንዳንዱ ፎቶ ላይ እጇ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ላይ ይዘገይባት ነበር። ጅራት ፍለጋ ቆይታ ታያለች፣ ቀጭን ጭጋግ ካገኘች ተጋጭቷል ትላለች። ሌላውን ደግሞ ቶሎ ታሳልፈዋለች። አሁን ስታስበው የዘገየችባቸው የታጠቡት ናቸው።

«ምን ነካኝ መሰልዎ? የሚያበራ ሁሉ አንድ ሰው አግኝቶ ነው ብዬ ማሰብ ደስ ይለኝ ነበር።»

«ተጋጭቶ ነው ያልሽኝ እንጂ አግኝቶ መቼ አልሽኝ?»

ፎቶዎቹን ሰብስባ ወደ ክምራቸው መለሰች።

ዓመት ተኩል የፈጀ ለቀማ ነው፣ ሊያልቅ የቀረው ሁለት መቶ ፎቶ ነው። ለአለቃው ከነገረችው ሁሉም እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። እሷ ደግሞ ጠባሳውን ካወቀች በኋላ ዳግም መልቀም አትችልም፣ ዓይኗ ተበላሽቷል። ሁለቱ ባልደረቦቿ ግን ስለማያውቁ መልቀም ይችላሉ፣ የሚችሉትም እስካላወቁ ድረስ ነው። ስለዚህ ከነሱ ጋር መቀመጥ የለባትም። አንዲት ቃል፣ አንዲት አስተያየት እንኳ ካመለጣት ነገሩ ይበላሻል። ይህ ማለት ያ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ ቀረ ማለት ነው።

እኔ ምን ብዬ መከርኳት? ዝም በይ አልኳት። እውነቴን ነው። ዝም አይነቅዝም አልኳት። ሰማይ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? መንደሮቹ ተጋጩም አልተጋጩ እዚህ ማን ዳቦ ጎደለበት?

«ማን ያውቃል?» አልኳት።

«እኔና እርስዎ» አለችኝ።

«እኔ እንደሆን ሰው አልነግርም።»

በዚህ ጊዜ ሳቋን መያዝ አቃታት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ አፏንም አልሸፈነችም። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ሁለት ሳምንት አመነታች። በየማታው ደረጃው ሥር እጠብቃታለሁ። «ነገርሽው?» እላለሁ። «ዛሬ አለቃው ስብሰባ ላይ ነበር» ትላለች። በነጋታው «ዛሬ የሹራቤ ልደት ነበር፣ እንዴት ብዬ» ትላለች። በሌላው ቀን «ሳቂታዋ ልጣጩ ተበጠሰባት፣ ከፍቷት ነበር» ትላለች። ምክንያት ከየት እንደምታመጣ። ሁለት መቶውን ፎቶም አልነካችውም፤ ግርዶሹ ውስጥ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ምሳ ሰዓትን ትጠብቃለች። ከቤት ሦስት እንቁላል ይዛ መሄድ ጀመረች። ለሳቂታዋም መሆኑ ነው።

አንድ ሐሙስ ቀን ቀደም ብላ ገባች። አልጠየቅኳትም፣ ፊቷ ላይ ነበር።

አለቃው ሰምቶ መነጽሩን አወለቀ አለች። እንዴት ደረስሽበት ሲላት የቤት አከራዬ ናት አለችው፤ ምን አጥንተዋል ብሎ ጠየቃት። የሰው ፊት ብላ መለሰችለት። አልተቆጣትም። አመሰገናት እንዲያውም። መፍትሔውንም እዚያው ተቀምጠው አገኙት። ጸጥ ያሉት ሁለት ሺህ ፎቶዎች ላይ መሐላቸው የሌለ ብርሃን በኮምፒውተር ይደረግባቸዋል፣ ከዚያ እንደ ሌሎቹ ይጠረጋል። ያኔ የሚያበራውም የማያበራውም እኩል ፊቱን ታጥቦ ይቀርባል። ቁጥሩም ይቀየራል፣ እንደ አዲስ ይደባለቃል።

«የሐሰት መብራቱን ማን ያደርጋል?» አልኳት።

«እኔ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ፣ አለቃውም አያውቅም።»

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ክፍል ሰጧት። መስኮት አለው፣ የሚታየው ግን የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ብርሃን በሌለበት ብርሃን ታደርጋለች፣ መልሳ ታጠፋለች። ምሳዋንም እዚያው ትበላለች። ለሁለቱ ባልደረቦቿ የተነገራቸው ፎቶዎቹ በአዲስ መልክ ስለተሠሩ ለቀማው ይደገማል የሚል ብቻ ነው። በሷ ቦታ አዲስ ልጅ ተቀጠረች። እሷ ምን ሆና እንደሄደች የነገራቸው የለም፣ ሊነገራቸውም አይችልም። ዳግም ለቀማ ስለሚፈጥን ቆጠራው እስኪያልቅ ስምንት ወር።

አሁን የኔን ፈተና ስሙ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ አንዲት ሴት ከፊቴ ትስቃለች። ባለዳቦው ሚዛኑን ስላንኳኳ ብቻ ነው የምትስቀው። ቦርሳዋ በብርቱካን ተወጥሯል። ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አንቺ ከኔ ተከራይ ጋር አይደለሽም እንዴ የምትሠሪው?» አልኳት፣ ስሟን ጠርቼ።

«ውይ እማማ፣ እርስዎ ነዎት አከራይዋ?» አለች። ሳቋ ወዲያው ጠፋ። «ደህና ናት? እኛንማ ትታናለች።»

«እንዴት ትታችኋለች?»

«የራሷ ክፍል ተሰጣት፣ በር ዘግታ ነው የምትውለው። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እኛ አራት ሺህ ፎቶ እንደገና እየለቀምን፣ እሷ ለምሳ እንኳ አትወጣም። ባለሹራቡ ሰውዬ እንቁላሏን ሲጠብቅ ሰነበተ። አሁን ተወው።»

«ተወው?»

«ምን ያድርግ? ሰው ከፍ ሲል ይረሳል። እኔ እንኳ ከሷ አልጠበቅኩም ነበር።»

ምላሴ አፌ ውስጥ እንደ ዓሣ ተንፈራገጠ። ነገሩ ሁሉ ከንፈሬ ላይ ደርሷል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ ልጄ፣ እሷ እናንተን አልተወችም፣ ለናንተ ዓይን ብላ ነው። ይህን ብል ግን ሳቂታዋ ምን ሆኖ ብላ ትጠይቃለች፣ እኔ ደግሞ ስጠየቅ አላቆምም። የስምንት ወሩ ሥራ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሊፈስ ነው። በሕይወቴ ሰው ያልሰማው ወሬ ይዤ ያደርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጥርሴን ነከስኩ።

«ዘንድሮ ዳቦው አነሰ» አልኳት።

«አንሷል» አለች። ዳቦዋን ተቀብላ ሄደች።

ቤት ስገባ ላሜ ወለደች ያህል ለኮቴ የለሽ ልነግራት ነበር። ምን ብዬ? ሹራቤ እንቁላልሽን መጠበቅ ተወ ብዬ? እሱንም ዋጥኩት። በአንድ ቀን ሁለት ወሬ ውጬ ራት አላሰኘኝም።

በዚያ ስምንት ወር ከሳች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ እንድትጠጣ እጠራታለሁ፣ ትወርዳለች፣ ብርጭቆውን በጣቷ ታዞራለች። ወሬ እየጠፋባት መሆኑን ያወቅኩት አንድ ቀን ስለ ሰው ጥርስ ስታወራኝ ነው፤ የሹራቤን ታሪክ ነበር የምትነግረኝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እሱ እንደሚለው አድርጋ። የትኛው ጥርስ እንደሆነ ስጠይቃት «የዚህ ሳምንቱን አላውቅም» አለችኝ።

ቆጠራው ያለቀ ቀን በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እሺ፣ ተጋጭተዋል?» አልኳት። እኔም ለካ ጓጉቻለሁ።

«በፊተኛው ለቀማ ከሚያበሩት ከመቶ አርባው ተጋጭተዋል ብለን ነበር። አሁን አሥራ ስምንት ሆኗል።»

«ጸጥ ካሉትስ?»

«ከመቶ ዘጠኝ።»

«እጥፍ ነዋ። ታዲያ ግጭት ያበራል ማለት ነው።»

«ያበራል። ከሁሉ በላይ በኃይል የሚያበሩትማ ብዙዎቹ የተጋጩ ናቸው። ግን ከመቶው ሰማንያ ሁለቱ ማንም አልነካቸውም እማማ። ወይ ግጭቱ ቆይቶ ጅራቱ ጠፍቷል፣ ወይ ደግሞ ብቻቸውን ናቸው።»

«ብቻቸውን ምን በልተው ያበራሉ?»

«የገዛ ጋዛቸውን። ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይወርዳል።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ላይ ምንም አልነበረም፣ ኀዘንም ደስታም። አለቃው ሥራው አሁን ገና እውነት ሆነ ብሏታል። ስሟንም ጥናቱ ላይ ከነሱ ስም ጋር ሊጽፉት ነው። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነበር።

«አሁንማ ለልጆቹ መናገር ትችያለሽ» አልኳት።

«ነገ ምሳ ላይ» አለች። በማግስቱ ጠዋት ስትወጣ አየኋት፣ የእንቁላል ሣጥኗን ይዛለች። አራት ነበር የቀቀለችው፣ ሽታው ደረጃው ላይ ቀርቷል።

ማታ ራሷ ነገረችኝ፣ ሳልጠይቃት። ጠረጴዛው ያው ነው። አራተኛው ወንበር ላይ የአዲሷ ልጅ ቦርሳ ተቀምጦ ነበር፣ ቶሎ ብላ አነሳችላት። ኮቴ የለሽ ነገሩን ሁሉ ተናገረች፤ ጠባሳውን፣ የሐሰት መብራቱን፣ ለምን በር ዘግታ እንደዋለች። ሳቂታዋ እጇን ይዛ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሹራቤ «ስምንት ወር?» ብሎ እንቁላሉን ወሰደ፣ አመሰገናት። ሐኪም ስለ ሆዱ አስጠንቅቆት ሹራቤ እንቁላል ማቆሙን የነገረቻት አዲሷ ልጅ ናት፣ በኋላ፣ ቀስ ብላ። እሱ ግን ሳይናገር በላው።

«ደጎች ናቸው» አለችኝ።

«ታዲያ?»

«አንድ ቃል አላቸው፣ አንዳቸው ሲለው ሦስቱም ይስቃሉ። ምን እንደሆነ ሊያስረዱኝ ሞከሩ። እዚያ ያልነበረ ሰው አይገባውም አሉ። እኔም ሳቅኩ።»

«ይለመዳል። ነገም ሂጂ።»

«እሄዳለሁ እማማ።»

ዕቃ ክፍሉን አልወሰዱባትም፣ ሌላ ሥራ ሰጥተዋት እዚያው ናት። እኔም ቀን እየቆጠርኩ ስጠይቃት ሰነበትኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛው ጋ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። ሦስተኛ ጊዜ ለምን እንዳልሄደች አልጠየቅኳትም።